ኦቪድ በውኃ ገንዳ ውስጥ

ባል መንገድ ሊወጣ ነው። ሚስት «አትሂድ» ትለዋለች። የነፋሳት ጌታ ልጅ ናትና ነፋስ ሲቆጣ ምን እንደሚሠራ ከልጅነቷ ጀምሮ በአባቷ ቤት አይታለች። ባል ያባብላታል፣ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ይምልላታል፤ ከዚያ መርከቡ ላይ ይወጣል። መርከብ እንላለን እንጂ መርከብ የለም። መድረኩን የሞላው ስምንት ሜትር ገደማ ወርድ ያለው የውኃ ገንዳ ነው። ዙሪያውን የእንጨት ወለል ከቦታል፤ ከኋላ አንድ ትልቅ በር ቆሟል፤ ከበላዩ ሰማይ የተሳለበት ሸራ ተዘርግቷል። ማዕበሉ ሲነሳ ተዋንያኑ እውነተኛ ውኃ ውስጥ ይንከባለላሉ። ሰውየው ይሰምጣል። ሚስቱ ግን አልሰማችም። ባሕሩ ዳር ቆማ ባሏን ትጠብቃለች።

የኬይክስና የአልኪዮኔ ታሪክ ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፎታል፤ አሜሪካዊቷ ሜሪ ዚመርማን ደግሞ «ሜታሞርፎሴስ» በተሰኘው ተውኔቷ መድረክ ላይ አውጥታዋለች። ኒው ዮርክ ውስጥ ሰከንድ ስቴጅ በተባለው ቲያትር ለተመልካች መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ነው። የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች ከፈረሱ ገና ሳምንቱ ነበር። በከተማዋ ግድግዳዎችና አጥሮች ላይ የጠፉ ሰዎች ፎቶግራፍ ተለጥፏል፤ ብዙ ቤተሰብ አስከሬን እንኳ አላገኘም። ጠዋት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ባል፣ ወሬ የምትጠብቅ ሚስት፣ በመጨረሻም ውኃው ተሸክሞ ያመጣው ሬሳ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ድምፅ አውጥቶ ያለቅስ እንደነበር የዚያ ዘመን ጋዜጦች ጽፈዋል።

ዚመርማን ተውኔቱን ስትሠራ ይህ ይመጣል ብላ አልነበረም። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ «ስድስት አፈ ታሪኮች» በሚል ርዕስ ነው። በ1998 ሉኪንግግላስ የተባለው የቺካጎ የቲያትር ቡድን አሁን ባለው ስሙ አቀረበው። ኒው ዮርክ ከደረሰ በኋላ በማርች 2002 ወደ ብሮድዌይ ተሻግሮ ሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር ቲያትር ገባ። እዚያ 400 ጊዜ ታይቷል። ዚመርማንም የዚያን ዓመት የምርጥ አዘጋጅ የቶኒ ሽልማት ወሰደች። በምርጥ ተውኔት ዘርፍም ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቱ ግን ፍየል ስላፈቀረ ሰው ለሚተርከው የኤድዋርድ አልቢ ተውኔት ሄደ። ኦቪድ ቢሰማ የሚቀየም አይመስለኝም።

ዛሬ ይህ ተውኔት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደጋጋሚ ይጠናል፣ ይዘጋጃልም። ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። ያለ ዕረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አሥር ተዋንያን ይበቁታል፤ እነዚሁ አሥር ሰዎች አምላክ፣ ንጉሥ፣ ሞግዚት፣ መርከበኛ፣ ተራኪ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ለተማሪ የሚበጅ ሌላ ጠባይም አለው፤ ከየት እንደተቀዳ ይታወቃል። ምንጩን አንድ እጅ ላይ፣ ጽሑፈ ተውኔቱን ሌላው እጅ ላይ ይዞ ምን ቀረ፣ ምን ተጨመረ፣ የቱ ቦታውን ለቀቀ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔም ተውኔቱን መማሪያ የሚያደርገው ይኸው ማመሳከር ነው ባይ ነኝ። ብቻውን ካነበቡት ደስ የሚል፣ የሚያጽናና ሥራ ነው። ከኦቪድ ጋር ካነበቡት ግን ማጽናኛው በምን ዋጋ እንደተገዛ ይታያል።

ስለ ኦቪድ ጥቂት እንበል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት ሱልሞ በምትባል የኢጣሊያ ከተማ ተወለደ። በሉቃስ ወንጌል ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ ትእዛዝ ባወጣው በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ሮም ውስጥ ስሙ የገነነ ባለቅኔ ነበር። ተውኔቱ ስሙን የወሰደበት ትልቁ ሥራው 15 መጻሕፍት፣ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ስንኞች አሉት፤ ከዓለም ፍጥረት ተነስቶ እስከ ራሱ ዘመን ሲወርድ ከ200 በላይ የመለወጥ ታሪኮችን ያያይዛል። ሰው ዛፍ ይሆናል፣ ወፍ ይሆናል፣ ድንጋይ ይሆናል፣ ምንጭ ይሆናል። ሥራው ሊጠናቀቅ በተቃረበበት እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም. አውግስጦስ ባለቅኔውን ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ቶሚስ አጋዘው፤ ዛሬ የሩማንያዋ ኮንስታንታ ናት። ምክንያቱን ራሱ አንድ ግጥምና አንድ ስሕተት ብሎት አልፏል፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነ ሳይናገር እዚያው ሞተ። የሥልጣን ቁጣ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማወቅ ኦቪድ አፈ ታሪክ አላስፈለገውም።

ይህን ሁሉ መለወጥ እንዴት አድርጎ መድረክ ላይ ማውጣት ይቻላል? ፊልም ቢሆን ክንፍ ከትከሻ ሲወጣ ያሳያል። ቲያትር አይችልም፤ ሊያታልል ቢሞክርም ያስቃል። ዚመርማን የተማረችውም ያስተማረችውም በኖርዝዌስተርን ነው። እዚያ ደግሞ ሮበርት ብሪን የተባለ መምህር ልብ ወለድን ትረካውን ሳያወጡ መድረክ ላይ የማቅረብ ስልት አዳብሮ ነበር። በዚህ ስልት ተራኪው «ደነገጠች» ሲል ተዋናይዋ እዚያው ትደነግጣለች፤ አንዳንዴ ራሷ ስለ ራሷ በሦስተኛ መደብ ትናገራለች። «ሜታሞርፎሴስ» ውስጥ ክንፍ የሚያበቅለው ቃሉ ነው። ተዋናዩ ክንዱን ብቻ ያነሳል፤ የቀረውን ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል። እሳት ዳር ተረት ሰምቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ አያሻውም።

ሁለተኛው መልስ ውኃው ነው። ዚመርማን ልምምድ የምትጀምረው ያለቀ ጽሑፈ ተውኔት ሳትይዝ ነው። የምትይዘው ምንጩን ነው፤ እዚህ ላይ በዋናነት ዴቪድ ስላቪት በ1994 ያሳተመውን የእንግሊዝኛ ትርጉም። ከተዋንያኑ ጋር ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትጽፋለች፣ በማግስቱ የጻፈችውን ይዛ ትመጣለች። መድረኩ ግን ቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ዳንኤል ኦስትሊንግ የነደፈው ገንዳ ለተውኔቱ ጌጥ ሆኖ አልመጣም። ቃሉ ሳይጻፍ ገንዳው ነበረ፤ የትኛው ታሪክ ይገባል፣ እንዴት ይነገራል የሚለውን ገንዳው ራሱ ወስኗል።

አንዱ ገንዳ ባሕር ይሆናል፣ የሙታን ወንዝ ይሆናል፣ የሀብታም ቤት መዋኛ ይሆናል፣ መስተዋት ይሆናል፣ አልጋም ይሆናል። ለተማሪ ቁም ነገሩ ግን ምሳሌያዊ ፍቺው ብቻ አይደለም። ውኃ ተዋናይን ያስገድደዋል። ልብሱ ይከብደዋል፣ እርምጃው ይዘገያል፣ ጸጉሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ደርቆ የገባ ሰው ረጥቦ ይወጣል፤ ቀድሞ የነበረውን መልክ በዚያ ትዕይንት ውስጥ መልሶ አያገኘውም። ኦቪድ ባሥር ስንኝ የሚገልጸውን መለወጥ የረጠበ ቀሚስ በአንድ አፍታ ያሳየዋል። የመብራት ባለሙያው ቲ. ጄ. ገርከንስም ይህን ተጠቅሞበታል፤ ብርሃኑ ውኃው ላይ ነጥሮ ግድግዳውንና ፊቱን ሲያወዛውዘው መድረኩ ላይ የረጋ ነገር የለም። ይህን ለማዘጋጀት የሚነሳ ቡድን ውኃውን ማሞቅ፣ ማጣራት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ከውኃ መጠበቅ፣ ልብሱንም ደራርቦ መስፋት አለበት። ሰርክል ኢን ዘ ስኩዌር ተመልካች መድረኩን በሦስት በኩል ከብቦ የሚቀመጥበት ቤት ስለሆነ ለገንዳው የተሠራ ይመስል ነበር።

ወደ ታሪኮቹ እንግባ። ተውኔቱ ከፍጥረት ቀጥሎ የሚያነሳው ሚዳስን ነው። ዘመናዊ ባለጸጋ ነው፤ ስለ ሥራውና ስለ ገንዘቡ ያወራል፣ ሁሉንም የማደርገው ለቤተሰቤ ነው ይላል፣ ይህን እያለም ኳስ የምታነጥረውን ትንሽ ልጁን ዝም በይ ይላታል። የወይን አምላክ ባኮስ የለመነውን ይሰጠዋል፤ የነካው ሁሉ ወርቅ ይሆናል። ልጅቱ ሮጣ ስታቅፈው እንደታቀፈች ወርቅ ሆና ትደርቃለች። ተመልካቹ ይህን ትዕይንት ከኦቪድ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል፤ አብዛኛው ተማሪም እንዲሁ። ኦቪድ ጋ ግን ልጅ የለችም። ልጅቱን የጨመራት አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን ነው፤ በ1851 ለልጆች በጻፈው መጽሐፍ። ኦቪድ ሚዳስን የሚቀጣው በረኃብ ነው፤ እንጀራው ጥርሱ ሥር ወርቅ ይሆንበታል። በወንዝ ታጥቦ ከዳነ በኋላም አይማርም፤ የአፖሎን ሙዚቃ በመናቁ የአህያ ጆሮ ያበቅላል። ዚመርማን የአህያውን ጆሮ ትታ ልጅቱን ያዘች። በዚህ ምርጫ የጅል ንጉሥ ቀልድ ወደ አባት ኀዘን ተለወጠ።

ኤሪሲክቶን ለእኛ አንባቢ ቅርብ ነው። የእህል አምላክ የሆነችውን የሴሬስን ዛፍ ይቆርጣል፤ እርሷም ረኃብን ትልክበታለች። መድረኩ ላይ ረኃብ ተዋናይ ናት፤ ከጀርባው ትዘልና ትንጠለጠልበታለች፣ አትወርድም። ያለውን ሁሉ ይበላል፣ ይሸጣል፤ እናቱን ሳይቀር ለነጋዴ ይሸጣል። ኦቪድ ጋ የሚሸጣት ሴት ልጁን ነው። መጨረሻ ላይ ሳህንና ሹካ ይቀርብለታል፤ ማዕዱ የገዛ እግሩ ነው። ተአምረ ማርያምን የሰማ ሰው በላዔ ሰብእን ሳያስታውስ ይህን ማየት አይችልም። ያም ሰው በልቶ አልጠገበም፤ 78 ነፍስ ጨርሷል። ልዩነቱ ፍርዱ ላይ ነው። በላዔ ሰብእ ለተጠማ ለምጻም የሰጠው አንድ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከ78ቱ ከብዶ አዳነው። ኤሪሲክቶን የቆመው ውኃ በሞላበት መድረክ ነው፤ ግን ጥርኝ ውኃ የሚቆጠርለት ሚዛን በኦቪድ ዓለም የለም። የግሪክና የሮም አማልክት ምሕረት ሲያደርጉ እንኳ ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም።

ኦርፌዎስን ዚመርማን ሁለት ጊዜ ታቀርበዋለች፤ አንዴ በኦቪድ፣ አንዴ በጀርመንኛ ይጽፍ በነበረው በሪልከ። ባለመሰንቆ ልንለው የምንችለው ይህ ሰው ሚስቱን ከሙታን አገር እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል፤ ዞሮ ካያት ግን ያጣታል። በመጀመሪያው ክፍል ዞሮ ያያታል፣ ሙታንን የሚሸኘው አምላክ ሄርሜስ ይወስዳታል። እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ይወስዳታል። ያው ምልልስ ደጋግሞ ሲመጣ ኀዘን እንዴት እንደሚሠራ ይገባናል፤ የሞተበት ሰው ያችን አንዲት ቅጽበት በልቡ ሺህ ጊዜ ይኖራታልና። በሪልከው ክፍል ማዕከሏ ሚስቱ ኤውሪዲኬ ናት። በሞቷ ተሞልታ ስለምትሄድ የዞረው ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። የትወና መምህር ብሆን ተማሪዎቼን ከዚህ ትዕይንት አስጀምራለሁ፤ ያንኑ እርምጃ በሁለት የተለያየ ልብ መሄድ ቀላል ፈተና አይደለም።

የናርሲስን ታሪክ ተውኔቱ በአፍታ ያልፈዋል፤ ውኃው ላይ መልኩን ሲያይ ደርቆ የቀረውን ልጅ ሌሎቹ ተዋንያን አንስተው በቦታው አንድ ማሰሮ አበባ ያስቀምጣሉ። ሕዝቡ ይስቃል። የኤሮስና የፕሲኬ ታሪክ ደግሞ ከኦቪድ አይደለም። ምንጩ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር በምትገኘው በማዳውሮስ የተወለደው የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ደራሲ አፑሌዮስ ነው፤ አህያ ስለሆነ ሰው በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ነው ያለው።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ገንዳው የሀብታም ቤት መዋኛ ሆኗል። ቢጫ የጎማ ተንሳፋፊ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ተጋድሞ ያማርራል። ዳሩ ላይ የሥነ ልቦና ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። ልጁ ፋኤቶን ነው፤ አባቱ ፀሐይ። አባቱ እንደማይጠይቀው፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ «የፀሐይ ልጅ ነኝ ትላለህ» እያሉ እንዳፌዙበት፣ ሄዶ የአባቱን የመኪና ቁልፍ እንደጠየቀ ያወራል። ሐኪሟ በመጽሐፍ ቋንቋ ትተነትናለች፤ አባቱ አፖሎ ከኋላ ሆኖ ይዘፍናል። ልጁ ፀሐይን መንዳት አቅቶት ዓለምን እንዴት እንዳቃጠለ እየተንሳፈፈ ይተርካል። ከተውኔቱ ሁሉ በጣም የሚያስቀው ትዕይንት ይህ ነው፤ ተማሪዎችም ለፈተና ሲመርጡ የሚሽቀዳደሙበት ይመስለኛል።

ኦቪድን ክፈቱና የመጀመሪያውን መጽሐፍ መጨረሻ፣ የሁለተኛውንም መጀመሪያ አንብቡ። ፋኤቶን የካሊፎርኒያ ጎረምሳ አይደለም። እናቱ ክሊሜኔ የሜሮፕስ ሚስት ናት፤ ሜሮፕስም የኢትዮጵያውያን ንጉሥ። ልጁ ያደገው በዚህ ንጉሥ ቤት ነው። አባቱን ሊፈልግ ሲነሳ የሚያቋርጠው የራሱን አገር፣ የኢትዮጵያውያንን ምድር ነው፤ ኦቪድ «የራሱ» መሆኑን ለይቶ ይናገራል። ሰረገላው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ ምድር ሲወርድ ተራሮች ይነዳሉ፣ ወንዞች ይደርቃሉ፤ የኢትዮጵያውያን ቆዳ የጠቆረውም ያን ጊዜ ሙቀቱ ደማቸውን ወደ ውጭ ስቦት ነው ይላል። ዓባይም ደንግጦ ወደ ዓለም ዳርቻ ሸሸ፤ ራሱን ደበቀ፤ እስካሁንም እንደተደበቀ ነው ይላል።

በግሪኮችና በሮማውያን ዘንድ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ የሚያጠቃልል ሰፊ ስም ነው፤ ካርታው ላይ ከዛሬው ወሰን ጋር መግጠም የለበትም። ሜሮፕስን የነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት የሚሮጥ ካለም ይረፍ። ግን ታሪኩ የተነገረበት ቦታ እዚያ ነው። የሮማ ባለቅኔ የጥቁርን መልክ በአንድ ቀን ቃጠሎ ለማስረዳት መሞከሩ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ ነጩን መልክ መነሻ አድርጎ የሌላውን ከእሳት አመጣው። ስለ ዓባይ ራስ መደበቅ ደግሞ የሰከላ ገበሬ ቢሰማ ይስቅ ነበር፤ ግሽ ዓባይ ከእርሱ ተደብቆ አያውቅምና።

ዚመርማን ይህን ሁሉ አውጥታዋለች። ኮሜዲውን ስለፈለገችው ነው፤ የአሜሪካ ተመልካች የሚያውቀውን ችላ የተባለ የሀብታም ልጅ መረጠች። አልወቅሳትም፤ ትዕይንቱ የሚሠራው በዚህ ምርጫ ነው። የጠፋው ግን አገር ብቻ አይደለም። ኦቪድ ጋ የፋኤቶን ጥያቄ «አባቴ ማነው?» ብቻ ሳይሆን «ያሳደገኝ ንጉሥ አባቴ ካልሆነ እኔ የማን ነኝ?» የሚል ነው። ከቁጥጥሩ በወጣው ሰረገላ ላይ ሆኖ የሜሮፕስ ልጅ መባልን ይመኛል፤ የአሳዳጊውን ስም። በሁለቱ አባቶች መካከል የነበረው መሰንጠቅ መዋኛው ውስጥ ሲገባ ወደ ተራ ማማረር ወረደ። በእኔ አስተያየት ተውኔቱ ከምንጩ ይልቅ በግልጽ የሳሳው እዚህ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሚራ ታሪክ ላይ አለ። ሚራ በእርግማን የገዛ አባቷን የወደደች ልጅ ናት፤ መድረኩ ላይ አባትየው ዓይኑን ታስሮ ሁለቱ ውኃው ውስጥ ይገናኛሉ። ከባዱ ትዕይንት ነው፤ ዚመርማንም አንዳች ርካሽ ነገር ሳታስገባ ታልፈዋለች። ኦቪድ ጋ ሚራ ሸሽታ፣ ደክማ የምታርፈው በሳባ ምድር ነው። እዚያ ዛፍ ትሆናለች፤ እንባዋ ከቅርፊቱ የሚንጠባጠበው ከርቤ ነው። ዛፉ የሚበቅለው በደቡብ ዓረቢያና በአፍሪካ ቀንድ ነው፤ ሮም ቤተ መቅደሶቿን የምታጥንበትን ከዚህ አካባቢ ታስመጣ ነበር። ኦቪድ ዕቃውን ያውቀዋል፣ አገሩን በስም ብቻ። ከርቤ በየቤቱ የሚጨስበት አገር ተማሪ ይህን ታሪክ ከሌላው ተማሪ ቀድሞ በአፍንጫው ያውቀዋል።

የመጨረሻው ታሪክ የባውኪስና የፊሌሞን ነው። ዜውስና ሄርሜስ ለማኝ መስለው በሺህ ቤት ደጅ ይቆማሉ፤ ሁሉም ይዘጋባቸዋል። የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ደጅ የሚቆም መንገደኛን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል። ሁለት ድኃ ሽማግሌዎች ያስገቧቸዋል፣ ያላቸውን ያቀርባሉ፤ አማልክቱም ምን ትመኛላችሁ ሲሏቸው አንዳችን የሌላችንን መቃብር ሳናይ አብረን እንሙት ይላሉ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ዛፎች ይሆናሉ። ኦቪድ ታሪኩን ያስቀመጠው በፍርግያ ነው። ከዚያ ብዙ በማይርቀው በልስጥራን ሕዝቡ በርናባስንና ጳውሎስን ሰው መስለው የወረዱ አማልክት ናቸው ብሎ ሊሠዋላቸው እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ይነግረናል። በርናባስን ድያ አሉት፤ እርሱ ዜውስ ነው። ጳውሎስን ደግሞ ሄርሜስ። የአገሩ ሰው ይህን ተረት ሰምቶ ከነበረ፣ ዳግመኛ ደጁን ላለመዝጋት መሮጡ አያስገርምም።

ማመሳከር የሚክሰው እዚህ ነው። በኦቪድ ስምንተኛ መጽሐፍ የባውኪስ ታሪክ እንዳለቀ ወዲያው የሚከተለው የኤሪሲክቶን ነው፤ ሁለቱም በአንድ ማዕድ ዙሪያ የተነገሩ ናቸው። ጥሩ ሰዎች ዛፍ ሆኑ፤ ቀጥሎ ክፉ ሰው ዛፍ ቆረጠ፣ ከግንዱም ደም ፈሰሰ። ዛፉ ሰው ሊሆን እንደሚችል ገና አሁን ሰምተናልና መጥረቢያው ሲያርፍ ያመናል። ዚመርማን ሁለቱን ለያይታ ኤሪሲክቶንን ወደ መሃል፣ ሽማግሌዎቹን ወደ ማብቂያ ወሰደቻቸው። ያን ሕመም አጣች፤ በምትኩ ሻማ ውኃው ላይ የሚንሳፈፍበት ውብ ፍጻሜ አገኘች። በዚያው ፍጻሜ ሚዳስ ተመልሶ ይመጣል፣ እጁን በውኃው ይታጠባል፣ ልጁም ነፍስ ዘርታ ታቅፈዋለች።

በ2001 መከር ኒው ዮርክ ላይ ይህን ፍጻሜ መንፈግ ጭካኔ ይሆን ነበር። ዛሬ ለሚያጠናው ሰው ግን መናገር ያለብኝ አለ፤ የሚዳስ ይቅርታ በጣም ረክሶብኛል። ልጅቱ ከሆቶርን ተበድራ መጣች፣ ድኅነቷም እንዲሁ ተበደረ። የአልኪዮኔ ማጽናኛ ሌላ ነው፤ ባሏ አይመለስላትም፣ ሁለቱም ወፍ ይሆናሉ፣ በክረምት ሰባት ቀን ባሕሩ ጸጥ ይልላቸዋል። እዚያ ኀዘኑ አልተሰረዘም።

ተውኔቱ የተዋቸውን ታሪኮችም መቁጠር ነው። አምላክ ሲያሳድዳት ዛፍ የሆነችው ዳፍኔ የለችም። ተደፍራ እንዳትናገር ምላሷ የተቆረጠው ፊሎሜላ የለችም። ራቁቷን የነበረች አምላክ በአጋጣሚ በማየቱ በገዛ ውሾቹ የተበላው አክቴዎን፣ ከነሕይወቱ ቆዳው የተገፈፈው ማርስያስ፣ ከአምላክ በተሻለ ወይም በእኩል ሸምና ሸረሪት የሆነችው አራክኔ የሉም። የኦቪድ መጽሐፍ ግማሽ ልቡ ይህ ነው፤ ኃይለኛው ደካማውን የፈለገውን ያደርገዋል፤ የተበደለውም መልኩን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ያጣል። ዚመርማን የወሰደችው ስለ ፍቅርና ስለ ሞት የሚናገረውን ግማሽ ነው።

ጽሑፉ ለሌላ ዓይን ክፍት መሆኑንም አይተናል። በ2024 ዋሽንግተን የሚገኘው ፎልጀር ቲያትር ተውኔቱን በሙሉ ጥቁር በሆኑ ተዋንያን አቅርቦታል፤ አዘጋጁ ሳልማየን 24 ገንዳውን ትቶ ታሪኮቹን በአፍሪካና ከአፍሪካ በተበተኑ ሕዝቦች ባህል በኩል አነበባቸው። ያለ ገንዳ አይሆንም ይባል ነበር፤ ሆነ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ከተማ መደረጉም ደስ ይላል።

በአገራችን የቲያትር ትምህርት ክፍሎች ይህን ሥራ ማዘጋጀት ለሚያስቡ አንድ የሥራ ምክር አለኝ። በ2002 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ጽሑፈ ተውኔት የቅጂ መብት አለበት፤ ለማሳየት ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፣ ያለ ፈቃድም ትዕይንት መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ፋኤቶንን ከመዋኛው አውጥታችሁ ወደ አሳዳጊ አባቱ አገር ልትመልሱት ብትፈልጉ ዚመርማን ላይ አትሠሩትም። ኦቪድ ላይ ግን የማንም መብት የለም። ስልቷን ተዋሱ፤ ምንጩን ይዛችሁ፣ መድረኩን ወስናችሁ፣ ቀን እየተለማመዳችሁ ማታ ጻፉ። ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሩ።